ካሜራው ከአንገት አይውረድ

የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ የተነሳን የደብረ ብርሃን ጎረምሳ «ምን ልታነሳበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የሚጠየቀው «ካኖን ነህ ኒኮን?» ተብሎ ነው። «ሶኒ ነኝ» ካለ በቃ፣ ነቅቷል። ቀጥሎ ፉል ፍሬም መሆኑ ይረጋገጥ። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር መሆኑ ምን እንደሚፈይድለት ባያውቅም ግድ የለም። አነስ ያለ ሴንሰር ያለውን፣ ያገለገለ ካሜራ ከነ18-55 ሌንሱ ገዝቶ በተረፈው ብር መንዝንና ጅሩን እየዞረ ቢለማመድ እንደሚሻለው የሚነግረው ሰው ከመጣ፣ ያ ሰው ምቀኛ ነው።

ዕቃው ከእጅ ከገባ በኋላ በጥንቃቄ የሚጠናው ማንገቻው ነው፤ የአምራቹ ስም ወደ ውጭ መዞር አለበት። አያቱ ምንሽር ያነገቱበት ትከሻ ነውና ያምርበታል። አያት ግን ማነጣጠሪያው የት እንዳለ ያውቁ ነበር። የልጅ ልጃቸው ካሜራ መዘውር አረንጓዴዋ አውቶ ላይ እንደተቀመጠች ትውላለች፣ ታድራለች። ከጎኗ የተደረደሩት ፊደላት ጌጥ ናቸው። የካኖኗን ቲቪ እንኳ፣ የሹተርን ፍጥነት የምታስመርጠዋን፣ ቴሌቪዥን ላይ የምታገናኝ መስላው የተዋት አይጠፋም።

ጥምቀት ሲደርስ ጥበቡ ይገለጣል። ካሜራ ማለት ፊቱ የቆመውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ የሚገምት ፍጡር ነው። ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የለባሹ ፊት ከሰል ይሆናል። ጓሳ ላይ ጠቆር ያለ ጭላዳ ፍሬሙን ሲሞላበት ደግሞ ያለ ልክ ያነጣዋል። መደመርና መቀነስ የተጻፈባት ቁልፍ ለዚሁ ተሠርታለች፤ ለነጩ መደመር፣ ለጥቁሩ መቀነስ። ታዲያ አረንጓዴዋ ላይ ሳሉ ቁልፏ አብዛኛውን ጊዜ አትታዘዝም። ከአረንጓዴዋ ከመውረድ ደግሞ «ይሄ ካሜራ ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይቀላል።

ብርሃን መጠበቅማ የሥራ ፈት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከጎን መጥታ የሰዉን ፊት፣ የድንጋዩን ካብ፣ የገብሱን ዛላ ለየብቻ ታወጣዋለች ይባላል። ማን አይቶ? ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ያለ ነገር አይደለም። ባለሙያችን የሚወጣው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ የሰው ሁሉ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ሲሆን።

የሙያው ቁንጮ ግን ያለው አንኮበር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ሣህለ ሥላሴና ምኒልክ የተቀመጡበት ኮረብታ አለ፤ ከሥሩ አልዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደል። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ይህን ሁሉ ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ። እዚህ ላይ፣ ለአንዲት ነገር ሲባል ብቻ፣ መዘውሯ ከአረንጓዴዋ ትነቃነቃለች፤ ለብለር። 85 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ይገጠማል፣ አፐርቸሩ 1.4 ላይ ይከፈታል። ከሁለት ሜትር ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሙሽሪት ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ የቆመው ሙሽራ ከነሱፉ ይደበዝዛል። አፐርቸሩን ወደ 8 ወይ ወደ 11 ማጥበብ፣ ሌንሱንም ሰፋ ባለ መለወጥ ሁለቱንም ከነአገራቸው ያወጣቸው ነበር። ግን እንዲህማ ስልክም ያነሳል!

አልበሙ ሲመጣ የሙሽሪት እናት መነጽራቸውን አድርገው ያገላብጣሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የት ነው?»

«አንኮበር ነው እኮ፣ እማማ።»

«ተራራው የታለ ታዲያ?»

«ብለር ነው።»

«ውይ፣ ለካ ያን ዕለት ጉም ነበር!»

ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ያሳዝነኛል። ይህ ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች ከሚመራው ከዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ጋር ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ያመነው በእርሳስና በቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 በታተመው የሥዕል መጽሐፉ የሸዋ ደጋ ከነሰዉ፣ ከነተራራው ቁጭ ብሏል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ አገሩን መሳሉ! ባክግራውንድ የሚያጠፋለት ሌንስ አላገኘም፣ ምስኪን።

የኛው ፎቶ ጉዞ በቴሌግራም ይጠናቀቃል። በፋይልነት መላክ ይቻል ነበር፤ አይደረግም። 6000 በ4000 ነጥብ የነበረው 24 ሜጋፒክሰል በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙ ጎኑ 1280 ላይ ይወርድና አንድ ሜጋፒክሰል ገደማ ሆኖ ይደርሳል። የሃያ ሦስቱ ዋጋ ለሻጩ ምርቃት ነው።

ዓመት ሳይሞላ «ዕቃው ደከመ፣ ሚረርለስ ልግባ» ይባልና ካሜራው ለገበያ ይወጣል። ማስታወቂያው እንደ ሌላው ሻጭ ማስታወቂያ አይዋሽም፤ «ብዙም ያልተነካ» ይላል፣ እውነትም ከአረንጓዴዋና ከብለሯ በቀር የተነካ የለም። ገዢ ባትሪውን፣ ቻርጀሩን፣ ካርቶኑን አይቶ ሲያበቃ «የመመሪያ መጽሐፉስ አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

«አለ እንጂ! ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።»