የብርብራ ጥላ

ብርብራን የሚያማ ሁሉ የሚያማው ፍሬውን ነው፤ ጥላውን ማንም አይደፍርም። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ የአገር ልጅ ነው። የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ ለቡናው ጥላ ያደርገዋል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፣ ሥሩም ለአፈሩ ናይትሮጅን ይመግባል። ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ቁጭ ብሎ ስኒውን የሚያነሳ ሰው ለቡናዬ ጥላ የሆነው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ጥላ ያለው ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ዱቄቱ ጅረት ላይ ይበተናል። ሮቴኖን የሚባለው መርዝ ዓሣውን አይወጋው፣ አያቆስለው፤ ሰውነቱ በአየሩ እንዳይጠቀም ብቻ ያደርገዋል። ውሃው አየር ሞልቶት ሳለ ዓሣው ይታፈናል። ይሄኔ አፉን እየከፈተ ሽቅብ ይወጣል። ዳር የቆመው ባለ ዱቄት ታዲያ፣ «እኔ መች ጠራሁት? በፈቃዱ ነው የመጣው» ይላል። እውነቱን ነው፤ መረብ አልጣለ፣ መንጠቆ አልወረወረ። የተከፈተውን አፍ እልልታ ነው ብሎ ፎቶ የሚያነሳም አይጠፋም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው እጁን ጭቃ ለሚያገባ ሰው ነው። ባለ ብርብራ እጁን መች አርሶ! ዘንዶው ቢወጣም ከጥላው ሥር አብሮት ቡና ይጠጣል።

አዋጅ የለም እንዳትሉ፤ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። የከለከለው ግን ማስገርን ነው፤ በፈቃዱ ተንሳፎ የመጣውን ለቅሞ «መዋጮ» የሚለውን ማን ይከሰዋል?

አንድ አዛውንት ሁለተኛውን ስኒ እየጠጡ እንዲህ አሉ፦

ከጥላው ሥር ሆኜ ስጠጣ ቡናዬን፣
በብርብራ አጣሁት ሐይቅ ሙሉ ዓሣዬን።

ሰሚው ሁሉ ስለ ዛፉ መስሎት አዘነ። አንዱ ብቻ ቀና ብሎ በሩን አየ።

ጅረት ቢሆን ዕድለኛው ቁልቁል ያመልጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ቢልጫውም ወዴት ይሰደዳል? ደግነቱ ብርብራ የጫካ ዛፍ ነው፤ ቢሮ ውስጥ አይበቅልም።

መረብ ዓይን አለው፣ ጫጩቱን አይቶ ያሳልፈዋል። ዱቄት ዓይን የለውም። ስለ ጫጩቶቹ ለጠየቀ መልሱ ተዘጋጅቷል፤ እነሱም ፈቅደው ነው።