አፌን መዝጋት ቢያቅተኝ

አፌን መዝጋት የማልችል ሰው ነኝ። ወሬውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ጥብስ ሸትቶኝ ማለፍ፣ በባዶ ሆድ የቀረበልኝን ቡና እምቢ ማለት፣ ቁርጥ ቤት ገብቶ «ለእኔ ይቅርብኝ» ማለት አልሆነልኝም። ዘዴ ግን አላጣሁም። አፌን ትቼ ኢንዛይሞቼን መዝጋት ጀመርኩ።

የጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። እነዚህ ፓምፖች ኢንዛይሞች ናቸው። የምውጠው ኦሜፕራዞል የተባለው መድኃኒት አንዴ የያዘውን ፓምፕ አይለቅም፤ ሰውነት በምትኩ አዲስ እስኪሠራ ድረስ አሲዱ ይቀንሳል። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያወጡት የቆሰለ ጨጓራ እንዲያገግምበት ነው። የእኔን ቁርጥ አስበው አይመስለኝም።

መድኃኒቱ አንድ አመል አለው። ፓምፖቹን የሚይዘው ሥራ ላይ ሲያገኛቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ በብዛት ሥራ የሚገቡት ምግብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይዋጣል፤ ምግቡ ሲደርስ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። እኔ የምውጠው እራቴን ጥግብ ብዬ በልቼ፣ ቃጠሎው ደረቴ ላይ ሲወጣ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አልሠራ ሲለኝ ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ አላከክሁ፤ «ይሄኛው አይረባም፣ የሌላ አገር ስሪት ስጪኝ» እያልኩ የሰፈሩን ፋርማሲስት አስቸገርኩ።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ሲያመኝ።»

«ከምግብ በፊት አልተባሉም?»

«ከሚቀጥለው ምግብ በፊት እኮ ነው የምውጠው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችው። ያልነገርኳት የባሰ ነገር አለ። እንክብሉ ለጉሮሮዬ ተለቀብኝ ብዬ እከፍተውና ውስጡ ያሉትን ነጫጭ ፍሬዎች ወቅጬ በማር እልሳቸው ነበር። እነዚያ ፍሬዎች ልባስ የለበሱት የጨጓራው አሲድ ሳያበላሻቸው አልፈው አንጀት እንዲደርሱ ነው። ልባሳቸውን ገፍፌ፣ አሲዱን ሊያስታግስ የመጣውን መድኃኒት ለራሱ ለአሲዱ አበላሁት። ማሩ ግን ይጣፍጥ ነበር።

ሐኪሜ ደግሞ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንዳለብኝ ለማየት የሰገራ ምርመራ አዘዘልኝ። ይህ ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው በራሱ ኢንዛይም አሲዱን በዙሪያው እያበረደ ነው። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ሰውየው ለእውነት ሲል መርዙን ጨለጠ። እኔ የተጠየቅሁት ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት ኦሜፕራዞል እንዳቆም ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ስለሚያሳንሰው ምርመራው ሊስተው ይችላል። አላቆምኩም። «የለብህም» የሚል ውጤት ሲመጣ ተደስቼ ክትፎ ጋበዝኩ። ጨጓራዬም ተጋብዞ ሲያቃጥለኝ አደረ።

ወገቤም አለ። ሙሉ ቀን ተቀምጬ እውላለሁ፤ ተነስቶ መንቀሳቀሱ ስለሚከብደኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። እሱም የሚሠራው ኢንዛይም በማገድ ነው። አስፕሪንና ዘመዶቹ ሕመምና እብጠት የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች እንዳይሠሩ እንደሚከለክሉ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል። ችግሩ፣ ከእነዚያው ንጥረ ነገሮች ውስጥ የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቁም መኖራቸው ነው። ዳይክሎፌናክ ወገቤን ሲያስታግስ ጨጓራዬን ያራቁታል፤ ለተራቆተው ጨጓራ ኦሜፕራዞል እጨምራለሁ። በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒትንም ያዳክማል። ለግፊቱ ደግሞ ኢናላፕሪል ታዞልኛል፤ እሱም ሌላ ኢንዛይም ያግዳል። ይሄ ሁሉ ኪኒን በሆዴ ውስጥ እርስ በርሱ ሲካሰስ፣ በእግሬ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ደርሼ ብመለስ ወገቤም ግፊቴም ሊሻላቸው እንደሚችል አውቃለሁ። ታክሲ እይዛለሁ።

የማፍርበት ግን የኢናላፕሪሉ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ጉሮሮዬን እየኮረኮረ እንቅልፍ የሚነሳ ዓይነት። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው እትዬ ቡና ሲያፈሉ እጣን ያጨሳሉ። ተጠያቂውን አገኘሁ ማለት ነው። ጭሱ በደረጃው በኩል ሲመጣ ቆሽቴ እርር ይል ነበር። «እትዬ፣ እጣንዎ ሳንባዬን ጨረሰው» አልኳቸው፣ ያውም ቡናቸውን እየጠጣሁ። ሴትዮዋ ደንግጠው እጣኑን ተዉት። ለጉርብትና ሲሉ እጣን በማይጨስበት ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ ጀመሩ።

ሳሉ አልሄደም። ሐኪሙ ጋ ስደርስ ገና አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ «ኢናላፕሪል ትወስዳለህ?» አለኝ። ኢናላፕሪል የሚያግደው ኢንዛይም ደም ሥር የሚያጠብብ ንጥረ ነገር ከመሥራቱ ሌላ ብራዲኪኒን የሚባለውንም ያፈርሳል፤ ሲታገድ ብራዲኪኒኑ ሳንባ ውስጥ ይከማችና አንዳንዱን ሰው ያስለዋል። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ፍንጭ የተገኘው ከእባብ ነው፤ ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬይራ እ.ኤ.አ. በ1965 ያራራካ በተባለ እባብ መርዝ ውስጥ ብራዲኪኒንን የሚያበረታ ነገር ማግኘቱን አሳወቀ፤ በ1981 የዚሁ ቤተሰብ አባል ካፕቶፕሪል ለሕክምና ዋለ። ከእባብ መርዝ በተወለደ ኪኒን እየሳልኩ የማርያምን እጣን ከሰስኩ። ሐኪሙ ኢንዛይሙን ወደማይነካው ሎሳርታን ቀየረልኝ።

ግንቦት 1 ደረሰ። ሰፈራችን በስሟ ስለሚጠራ የግንቦት ልደታ እኛ ጋ ትደምቃለች፤ ግቢው ውስጥ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ስንዴው በትልቅ ድስት ተንፈቀፈቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እኔም የማውቀውን ሳላካፍል አላድርም። ጥራጥሬ ትሪፕሲን የተባለውን የቆሽት ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን እንዳለው፣ ዘሩን ከተባይ እንደሚጠብቅበት፣ ሞሰስ ኩኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1945 ከአኩሪ አተር አንጥሮ እንዳወጣው፣ ቆሽትም ራሱን እንዳይፈጭ ተመሳሳይ አጋጅ ለራሱ እንደሚሠራ፣ ዘፍዝፎ መቀቀል አብዛኛውን ኃይሉን እንደሚሰብረው አስተማርኩ። በጥቢ የሽምብራ እሸት እስከ ሥሩ ታቅፌ ታክሲ ውስጥ በጥሬው የምጨርሰው እኔ መሆኔን ግን አላነሳሁም። (ለሆድ መነፋቱ ከአጋጁ ይልቅ የጥራጥሬው ስኳር ይጠየቃል፤ አብረውኝ ለሚሳፈሩት ልዩነት የለውም።)

«ቀቅሎ የማይሸነፍ የለም» ብዬ ልደመድም ስል አንዲት የደምቢያ ተወላጅ ጎረቤቴ «ጓያስ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ጓያ ትሪፕሲን አጋጅም አለው፤ እግር የሚያሽመደምደው ግን ሌላ መርዝ ነው፤ መቀቀልና ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በደምቢያና በፎገራ ያጠኑት ሕመም ነው። እሷ ያየችውን እኔ አንብቤዋለሁ፤ ለዚያውም ግማሹን።

እትዬ ንፍሮ በሰሃን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሳልህ ተወህ አይደል?»

«ተወኝ፣ እትዬ።»

«እጣኑን ብተውልህ እኮ ነው!»

ኪኒኔ ተቀይሮ ነው ማለት ነበረብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሰሃኔን ለሁለተኛ ዙር ዘረጋሁ።