መሃል ያገኘ እንጨት

ፍሪሲዮን ማለቁን ከጆሮም ከእግርም ቀድሞ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። መልካ ጉባ ላይ የዳዋን ወንዝ ተሻግረን ወደ ነገሌ ቦረና የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር አንድ ሽታ ጋቢናው ውስጥ ገባ። የተቃጠለ ጎማ አይደለም፤ የተቃጠለ ፀጉርም አይደለም፤ የሁለቱ ዘመድ ነው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን ትዘገያለች። ማርሽ ቀነስኩ። ጩኸቱ ጨመረ፣ ጉዞው ቀነሰ። በመጨረሻ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ አሮጌዋ ላንድክሩዘር ከአንድ ትልቅ ኩይሳ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆመች።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ከያቤሎ ጀምሮ ግራ እግሬን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አሳርፌ ነው የነዳሁት። ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ የውሃ ጄሪካን፣ ሁለት ትርፍ ጎማና መንገድ ላይ ያሳፈርናቸው ሰዎች ነበሩ። እግር ፔዳል ላይ ሲያርፍ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ይያዛል፣ በግማሽ ይለቃል፤ ያ ግማሽ መያዝ ነው የፍሪሲዮኑን ሸራ ፈጭቶ የሚጨርሰው። ይህን የተረዳሁት ግን በኋላ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ነገሌ ጦር ሰፈር ወታደር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋን አላዩዋትም። «ሳልሞት አንዴ ልያት» ቢሉኝ ጊዜ ነው ይዣቸው የወጣሁት። ሰው ሁሉ በቦሬና በአዶላ በኩል ሂድ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የቦረናን ሜዳ ማየት ፈለጉና በያቤሎ፣ በአሬሮ በኩል ዞርን። መኪናዋ ስትቆም ምንም አልተናገሩም። ወርደው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣጠፉ።

ፍየል የጫነ አይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ወርዶ አንዴ አሸተተ፣ «ፍሪሲዮን ነው» አለ፣ ገመድ አወጣ፣ ጎትቶም ነገሌ ድረስ አመጣን። ገንዘብ ስሰጠው እጄን መለሰው። «ነገ እኔም እቆማለሁ» አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ የቆመን ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው።

ጋራዡ ግድግዳ የለውም፤ የተቃጠለ ዘይት ያጠቆረው መሬትና አንድ ትልቅ ግራር ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀረበልን፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መኪናዋ የዞሩት።

«ካምቢዮው መውረድ አለበት ልጄ» አሉኝ።

የላንድክሩዘር ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የአራት ጎማው ማስተላለፊያ አብሮት ስላለ ሦስት ሰው ይፈልጋል። በክሪክና በሰንሰለት ወረደ። ሸራው እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ የያዙት ሪቬቶች የሞተሩን ቮላኖ መቧጨር ጀምረው ነበር። መካኒኩ ቮላኖውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ የዘይት ጎሚኒውን አዩ፣ «ዘይት አላፈሰሰም፤ ያበላሸው እግር ነው» አሉ። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፦ የአገራችን መካኒክ አፉን የፈታው በጣሊያንኛ ነው። ይህ ነገር ነገሌ ላይ ሲሰማ ሌላ ክብደት አለው። የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ከዶሎ ተነስቶ በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር እየገፋ ነገሌን የያዘው ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት። በኋላም «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ራስ ደስታ በየካቲት 1929 ተይዘው ተገደሉ። ማርኪሱም ካሚዮኖቹም ዛሬ የሉም፤ ቃላቱ ግን ቀርተው የኛ ሆነዋል። የመካኒኩ ረዳት የሆነው የጋራዥ ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ተናግሮ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ ተከራክሮ፣ «ኩሽኔታውን አቀብለኝ» ሲል የማንንም ቋንቋ አልተዋሰም። የእጁ ቋንቋ ነው።

መለዋወጫው ከሻሸመኔ በአውቶቡስ ተላከልን። የመጀመሪያው ሸራ የመሃል ጥርሱ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር አልገጠመም፤ ተመለሰ። ሁለተኛው እስኪመጣ አጎቴ ጦር ሰፈሩን ከሩቅ አይተው መጡና ግራሩ ሥር አወሩልኝ።

«ጥር 4 ቀን 1966 ነው። የውሃው ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ከሱ አትቀዱም ተባልን። ምግቡም የሚበላ አልነበረም።»

ከዚያ የሆነው በታሪክ የታወቀ ነው። ወታደሩ መኮንኖቹን ያዘ። ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ከአዲስ አበባ ሲላኩም ያዟቸውና ወታደሩ የሚበላውን አበሏቸው፣ የሚጠጣውን አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

«ሁሉንም ፓምፑ አመጣው አልልም» አሉ አጎቴ፣ የወረደውን ካምቢዮ እያዩ። «ግን መኪናህ ዳገቱ ላይ ስትቆም ያ ዘመን ትዝ አለኝ። ላይ ያለው ይጮሃል፤ ታች ያለው አይንቀሳቀስም። መሃል ላይ ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር አልቆ ነበር።»

ሁለተኛው ሸራ ሲደርስ መካኒኩ ለአንድ የተበላሸ አውቶቡስ ተጠርተው ወጥተው ነበር። እኔ ቸኮልኩ። ልጁን «አንተ ታውቀዋለህ፣ እንግጠመው» አልኩት። አመነታ፤ እኔ ግን ገፋሁት። ሸራውን ቮላኖው ላይ አስቀመጥን፣ ሸራውን የሚጫነውን ስፒንጂ ዲስክ ከላይ ደርበን ስድስቱን ቡሎን አጠበቅን። መሃሉን በዓይን ገመትነው። ከዚያ ሁለት ጎረምሳ ጨምረን ካምቢዮውን አነሳነው።

አልገባም። ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ወዘወዝነው፣ ገፋነው፤ ላብ ዓይናችን ውስጥ ገባ። እኔ ረጃጅም ቡሎኖች አንስቼ «በቡሎን እየሳብን እናስገባው» አልኩ። የመጀመሪያውን ማጥበቅ ስጀምር ከኋላዬ ድምፅ መጣ፦

«እጅህን ከቡሎኑ ላይ አንሳ!»

መካኒኩ ተመልሰው ነበር። አልተቆጡም፤ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ከቁጣ ይከብዳል። ካምቢዮው እንደገና ወረደ። አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። የካምቢዮው ዘንግ በሸራው መሃል አልፎ፣ ጫፉ ቮላኖው መሃል ያለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ መግባት አለበት። ሸራው ስፒንጂ ዲስኩ እስኪጫነው ድረስ ልቅ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከተጫነው በኋላ ግን ንቅንቅ አይልም። ጥቂት ዝቅ ብሎ ከታሰረ ዘንጉ አይገባም። በቡሎን ከተሳበ ደግሞ የሸራው መሃል ይጣመማል፣ ካልሆነም የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል።

«መሃሉ ያልተስተካከለ ነገር በጉልበት ቢገጥምም አይሠራም» አሉኝ።

ከዚያ የተሰበረ የመጥረቢያ እጀታ አነሱና በቢላ ይጠርቡት ጀመር። ጫፉን ለትንሿ ኩሽኔታ ልክ አቀጠኑት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለሸራው መሃል ልክ ወፈር አድርገው ተዉት። ሲለኩት ትንሽ ላላ። ናስትሮ ሁለት ዙር ጠመጠሙበት። አሁንም ላላ። አንድ ዙር ጨመሩ፤ ያዘ። እንጨቱን በሸራው አሳልፈው ኩሽኔታው ውስጥ አስገቡት፤ ሸራው መሃሉ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ለልጁ ሰጡት።

«በመስቀል» አሉት። አንዱን ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ግማሽ ዙር። ልጁ ሲፈጥን «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል፤ ቀስ ማለታቸው ነው። ስድስቱም ከጠበቁ በኋላ እንጨቱን በሁለት ጣታቸው ሳቡት። ያለ ጉልበት ወጣ።

ካምቢዮው ተነሳ። አንዱ ማርሽ አስገባ፣ ሌላው የኋላውን ዘንግ በእጁ ትንሽ አዞረ፤ ጥርስ ከጥርስ ተገናኘና ያ ሁሉ ብረት እንደ ሰይፍ ወደ አፎቱ ተንሸራቶ ገባ። ክፍተቱ ጠፋ። ማንም አልገፋውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ ላይተርፍ ነበር። የጸጸተኝ ግማሽ ቀን ማባከኔ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው እያለ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ገና የሚማር ልጅን ወደ ስህተት መግፋቴ ነው። ይህን ለልጁ ነገርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

መካኒኩ እንጨቱን አልጣሉትም። ግራሩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የእንጨት ረድፍ ነበራቸው፤ እስከዚያ ድረስ ማገዶ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱ ላይ በቢላ ምልክት ተቀርጿል፦ አንዱ የአይሱዙ ነው፣ አንዱ የሂሉክስ፣ አንዱ የፊያት ካሚዮን። እያንዳንዱ እንጨት መሃሉን ያገኘ አንድ መኪና ነው። የኔን ለልጁ ሰጡት፤ ልጁ ቀርጾበት ከረድፉ መጨረሻ ሰቀለው።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴን ይዤ በከተማዋ ዞርኩ። ወደ አዶላ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንወጣ ሁለታችንም ዝም ብለን እናሸት ነበር። የሚሸት የለም። ሞተሩ ድምፁን ባሰማ ቁጥር መኪናዋ ትሄዳለች። ግራ እግሬ ከፔዳሉ ርቆ፣ ወለሉ ላይ ነበር።