ቮልስን በግቢ ውስጥ የማውረድ ጥበብ

ወንድሜ፣ አሮጌ ቮልስ ገዝተሃል። ቀለም አስቀብተሃል፣ ወንበሩን አሰፍተሃል፣ ቸርኬውን አስወልውለሃል። አሁን ደግሞ ቁመቱ ዓይንህን መቆርቆር ጀምሯል። ልክ ነህ! የቱቦ ክዳን ወይ በጎደለበት ወይ ከአስፋልቱ በላይ በቆመበት በአዲስ አበባ መንገድ፣ መኪና ከመሬት አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ያህል መራቁ ቅንጦት ነው። ዝቅ ይበል። ጋራዥም አያስፈልግህ፤ ግቢ፣ ክሪክና አንድ ቅዳሜ ይበቃሃል።

ሞላውን አትፈልግ፣ የለውም። ባሊስትራም የለውም። ፈርዲናንድ ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1931 ባስመዘገበው ዘዴ መሠረት መኪናውን የሚሸከመው ቱቦ ውስጥ ተሸሽጎ የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የምታበላሸው ነገር ስለማይታይ የሚወቅስህ የለም።

ከኋላ ጀምር። በየጎኑ አንድ ክብ ዘንግ አለ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ጥርስ አላቸው፤ የውስጡ 40፣ የውጭው 44። ጀርመኖቹ ቁጥሩን ማመሳሰል አቅቷቸው አይደለም። የውስጡን አንድ ጥርስ ብታዞር 9 ዲግሪ ይሄዳል፤ የውጭውን በተቃራኒው አንድ ጥርስ ብታዞር ከ8 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ይመለሳል። የሚቀርህ ልዩነት አንድ ዲግሪ አይሞላም፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው እንዲህ ያለ ረቂቅ ሚዛን ሰጥቶሃል፤ አንተ ግን ዓይን አለህ። በሩ ላይ ቆመህ አንዱን ጨፍነህ እይ። "ትንሽ ይውረድ እንጂ" የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። የውጭውን ብቻ አንድ ጥርስ ዝለል፤ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ ቁጭ ይላል። ስንት ጥርስ እንዳዞርክ በጠመኔ መጻፍ የፈሪ ሥራ ነው። ወደ አንድ ጎን አዘንብለው የሚሄዱት ቮልሶች ሁሉ የደፋሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ብቻ ከልቤ ልናገር። ዘንጉን የያዘው ጠፍጣፋ ክንድ እንደተወጠረ ነው ማረፊያው ላይ የሚቀመጠው። ከማረፊያው ሲላቀቅ በኃይል ወደ ታች ይወረወራል፤ ጣትም ጉልበትም አይለይም። በክሪክ ደግፈህ ቀስ እያልክ ልቀቀው፤ መኪናውን ደግሞ በጠንካራ ማቆሚያ አቁመው እንጂ በክሪክ ብቻ አትመነው። አሁን ወደ ምክሬ ልመለስ።

በአሮጌዎቹ ቮልሶች የኋላው አክስ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይዘምማል፤ ጎማውም የሚያልቀው በውስጥ በኩል ይሆናል። የውጭው ግማሽ አዲስ እንደሆነ ይኖራል፤ ለጠየቀህ ሁሉ እሱን አሳይ። ገጠር የሚመላለሰው ዘመድህ ግን በተቃራኒው ላስረዝመው ካለ ከልክለው፤ በጣም ከፍ ያለ ቮልስ ጥምዝ ላይ ጎማው ከሥሩ ሊታጠፍበት ይችላል።

የፊቱ ሁለት የተደራረቡ ቱቦዎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያሉት የብረት ቅጠሎች መሐል ላይ ተቆልፈዋል። ብዙ ሰው ቱቦውን መሐሉ ላይ ያስቆርጥና አዙሮ ያስበይዳል። በያጅህ ዕድሜውን የግቢ አጥር ሲበይድ የኖረ ከሆነ ምንም አትስጋ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎችህ የሚንጠለጠሉት በዚሁ አጥር ላይ ነው። የቤንዚን ታንኩ ከቱቦዎቹ በላይ መሆኑንም ቀድመህ አትንገረው፤ እጁ ከተንቀጠቀጠ ብየዳው ያምራል ብለህ አትጠብቅ። (ታንኩን አውጣው የሚሉ አሉ። ሥራ የሚያበዙ ሰዎች ናቸው።)

ሾኩ አሁን ረዝሞብሃል፣ በየጉድጓዱ ይመታል። ሶማሌ ተራ ሂድና "የወረደ ቮልስ ሾክ" ብለህ ጠይቅ፤ ሻጩ ሳቁን እስኪጨርስ በትዕግሥት ቁም።

ሲያልቅ አማትህን አሳፍር። የመጀመሪያው ፍጥነት መቀነሻ ላይ ስትደርስ አቁምና በትሕትና "እማማ፣ ይውረዱልኝ፤ ከማዶ እጠብቅዎታለሁ" በላቸው። ከዚያ መኪናውን በሰያፍ አስገባው፤ መጀመሪያ አንድ የፊት ጎማ፣ ቀጥሎ ሌላው። ከኋላህ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይንፋ። የአማትህ እርምጃ ዝግ ያለ ከሆነ እኩል ትደርሳላችሁ።