የሌሊት ወፍ ደመወዝ

ኮይምብራ ዳገት ናት። ፖርቱጋሎች ዩኒቨርሲቲያቸውን ጉብታው አናት ላይ ሰቅለው ተማሪውን ከሞንዴጎ ወንዝ ዳር ሽቅብ ያስቧጥጡታል። መሀል ላይ ያለውን ደረጃ «ጀርባ ሰባሪ» ይሉታል፤ እኔን ግን ቀድሞ የከዳኝ ጉልበቴ ነው።

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን እዚያ ጉብታ ላይ የረጋው በስንት መከራ ነው። በንጉሥ ዲኒሽ ዘመን፣ በ1290 እ.ኤ.አ.፣ ሊዝበን ላይ ተመሠረተ። ከዚያ አከራይ እንዳስመረረው ሰው ጓዙን ተሸክሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሮ በ1537 ኮይምብራ ጠቅልሎ ገባ።

ጎብኚ ሁሉ የሚሽቀዳደመው ወደ ዦዋኒና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰዓት ተቆርጦልን በቡድን ገባን። በወርቅ ያጌጠው መደርደሪያ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ንጉሥ ዦዋው 5ኛ ከፊት ለፊት በሥዕል ተሰቅለው ገቢ ወጪውን ይቆጣጠራሉ። እኔ ግን ዓይኔ የሌሊት ወፍ ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር።

አዎ፣ የሌሊት ወፍ። ቀን ተደብቀው ይውሉና ማታ ወጥተው መጻሕፍቱን የሚበሉትን ነፍሳት ይለቅማሉ። ሠራተኞቹ ሲመሽ ጠረጴዛዎቹን ቆዳ ያለብሳሉ፤ ሲነጋ ኩሱን ይጠርጋሉ። በእኛ ተረት ይህ ፍጥረት ግብር ሸሺ ነው፤ የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ «ጥርሴን እየው፣ አይጥ ነኝ»፣ የአይጦቹ ሲመጣ «ክንፌ አይታይህም?» እያለ የኖረ። እዚህ ቀለብና መኝታ ተችሎት የሌሊት ተረኛ ሆኗል! የትርፍ ሰዓት ይታሰብለት እንደሆነ አስጎብኚያችንን ብጠይቃት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ታች መራችን።

ታች ያለው እስር ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ድሮ የራሱ ዳኝነት ስለነበረው ያጠፋ ተማሪ እዚሁ ከመጻሕፍቱ ሥር ይታሰር ነበር። የእኛ ሬጂስትራር ይህን አለማየቱ ተመስገን ነው።

ማታ ፋዶ የሚሉትን የፖርቱጋሎች እንጉርጉሮ ልሰማ ገባሁ። የኮይምብራ ፋዶ በልማድ የወንዶች ነው፤ ጥቁር የተማሪ ካባ ደርበው በፖርቱጋል ጊታር ታጅበው ያንጎራጉራሉ። እዚህ ከተማ ፋዶ ደስ ያለው ሰው አያጨበጭብም፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው «እህ፣ እህ» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጎብኚ ክፉኛ ጉንፋን ይዟቸዋል። ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ያስሉ ጀመር። ዘፋኙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳቸው። እሳቸው ደንግጠው መሀረብ ሲፈልጉ ሳላቸው በረታባቸው፤ ዘፋኙም ለጊታሪስቶቹ ጠቀሰና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ደገመላቸው።