ኮርማ የሌለው በረት

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከብት ሳረባ ኖሬ በረቴ ሞልቶ አያውቅም። የልጅ ልጄ ግን ከምሳ እስከ ቡና ባለችው ጊዜ ስልኩ ውስጥ መንጋ ያግበሰብሳል።

ጨዋታው ማይንክራፍት ይባላል፤ ስዊድኖች ናቸው የሠሩት። ሰውየው ባዶ እጁን ጫካ መሀል ይገኛል፤ ዛፍ ቆርጦ፣ ቤት ቀልሶ፣ ከብት አርብቶ፣ ሌሊት ከሚመጣው ጭራቅ ተርፎ ማደር ነው። እስከዚህ ድረስ ቅር አላለኝም። የከብት አያያዙን ሳይ ነው ደሜ የፈላው።

ሁለት ላም ስንዴ ያቀምሳል። ከራሳቸው በላይ ቀያይ ልብ ብን ብን ይላል፤ ወዲያው ጥጃ ዱብ! «ኮርማው የታል?» አልኩት። «አያስፈልግም አባባ፣ ሁለት ላም ይበቃል።» ዘጠኝ ወር መጠበቅ የለ፣ ምጥ የለ፣ የእንግዴ ልጁ ዘገየ ብሎ ኩራዝ ይዞ ማደር የለ። ጥጃዋ ጊደርነትን ሳታውቅ በ20 ደቂቃ ላም ትሆናለች። እናትየው 5 ደቂቃ ካረፈች ትደግማለች።

ወተቱማ አይነሳ! ባልዲ ያስጠጋል፣ ሞላ። ሌላ ያስጠጋል፣ ሞላ። ጥጃ ሳይጠባ፣ እግር ሳይታሰር። የኛዋ ሐበሻ ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን ትደብቃለች፤ የሞተባት እንደሆነም ቆዳውን ገለባ ሞልተን ፊቷ እያቆምን ነው የምናባብላት። ይህን ሁሉ ተለማምጠናት በቀን 2 ሊትር ከሰጠች ተመስገን ነው። የስልኳ ላም ደግሞ ታጥራ ብትከርም አትራብም፣ አትጠማም፣ አዛባ እንኳ የላትም። ቤቱ በምን ሊለቀለቅ ነው? ኩበቱስ ከየት ሊመጣ?

ሲያርዳት አይቼ ቅርጫውን ልመድብ ተጠጋሁ። ከአንዲት ላም የተገኘው ቢበዛ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ነው! ሽንጡ፣ ታላቁ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው የት ገባ? ሻኛ እንደሆነ ከመጀመሪያውም አልተሰጣትም። በፈረንጆቹ 2025 የቆላና የደጋ ላም ለይተው አመጡ አለኝ፤ የቆላዋ ቀንዳም፣ የደጋዋ ጠጉራም። ይበል፣ አገር መለየት ጀምረዋል። ሻኛውን ግን አሁንም ረስተውታል።

ሐቁን ለመናገር በበቅሎ አልተሳሳቱም። አህያና ፈረስ ሲያገናኙ በቅሎ ይወለዳል፣ በቅሎው ደግሞ አይወልድም። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ፈረስ መግራቱንም ወድጄዋለሁ፤ ትወጣለህ፣ ይጥልሃል፣ ትወጣለህ፣ ይጥልሃል፣ እስኪለምድህ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር ባለው፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ምድሪቱን በኮቴ በሚያናውጠው አገር፣ ያልወደቀ ፈረሰኛ ማን አለ? ለማራባት ሲሆን ግን የወርቅ ካሮት ያበሉታል። ለፈረስ ወርቅ! ገብስ ምን አጠፋ?

ሳሩ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። እዚያ መስኩ ማለቂያ የለውም። እዚህ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ግጦሽ የነበረው ሁሉ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሆኗል። ገበሬው ምን ያድርግ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሥሩ የበቀለውን ሳር ያጭዳል፣ 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላው ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ከእህልም ከከብትም የተሻለ ከፈለው። ከዚያ ቅጠሉን ዝገት የመሰለ በሽታ መታው። ዛፉም ታመመ፣ መስኩም አልተመለሰ፤ አሁን ላም በገመድ ታስራ የመንገድ ዳር ሳር ትለቅማለች። ስልኩ ላይ ግን በግ ተሸልቶ ትንሽ ሳር ከቀመሰ ጠጉሩ ወዲያው ይተካል።

አዲስ አበባ ያሉት የቅኔ ጌምስ ልጆች ኩኩሉ የሚባል ጨዋታ ሠርተዋል፤ ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው የምትሸሽበት። ዶሮ ፋሲካ ሲቃረብ መሸሽ እንዳለባት የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው! እነሱ ናቸው የሚሰሙኝ። እንግዲህ ጻፍ አልኩት ልጁን። ኮርማ ከጎረቤት ይለመን። እረኝነት በተራ ይሁን፤ ተረኛው ከተኛ ጅብ ይምጣ። የአባ ሰንጋ ክትባት ሲባል ከብቱ ተነድቶ ይሰለፍ፤ የቀረ ይታመምበት። ላሟ ቡሬ፣ ዳማ፣ ዳለቻ፣ ቦራ ተብላ በመልኳ ትጠራ፤ አሁን ለአንዲት ላም ስም ለማውጣት የስም ሰሌዳ ተፈልጎ የአንጥረኛ መስፍ ላይ ይጻፋል አሉ። አጥር ጥሳ የሰው ማሳ ከገባች ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ይቁረጥ።

ልጁ እስከ «ካሳ» ድረስ ጻፈና አቆመ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም።»

«እንግዲያው ተነሥ» አልኩት፤ «ተራው ያንተ ነበር። ላሚቱ የጎረቤት ድንች ውስጥ ነች፤ ባለ ማሳውም ዱላ ይዞ ወደዚህ እየመጣ ነው።»