ጥቅስና ጥቅሻ

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ነበርን፤ ጦርነቱ ከተማዋን ሳይበትናት በፊት። ማታ ማታ መንገድ ዳር፣ አንዲት የአገራችን ልጅ የምታፈላውን ቡና በርጩማ ላይ ተኮልኩለን እንጠጣለን። ከመካከላችን የአንጎል ተመራማሪ አለ። ሲኒውን ከማንሳቱ በፊት፣ ጽሑፎቹን ማን እንደጠቀሰ ለማየት ስልኩን ያነሳል። «ዛሬ ሁለት ሰው ጠቅሶኛል!» ማን? ስለ ምን? አያውቅም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከዚያች ስልክ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ወራት ሙሉ ቻልኩት።

አሁን ግን ላመስግን። ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ2005 «ኤች ኢንዴክስ»ን አበረከተልን፤ ከጽሑፎችህ 20ው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥርህ 20 ነው። 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስ የታጨቀበትን አንጎል የሚመረምር ሊቅ በሁለት አሃዝ ተመዝኖ ያልቃል። ምን ያህል ልፋት ቀረልን! ሥራውን ማንበብ ራሱ ቀረ።

ሴማንቲክ ስኮላር የተባለው መፈለጊያ በ2016 የአንጎል ሳይንስ ሊቃውንትን ሲደረድር ካርል ፍሪስተንን ከሁሉ በላይ አስቀመጠ። ሰውየው ትልቅ ነው፤ ክርክር የለኝም። ግን የአንጎል ምስል የሚተነተንበትን ሶፍትዌር የሠራ ሰው፣ ሶፍትዌሩን የነካ ሁሉ ይጠቅሰዋል። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ምጣድ ሠሪው እንደሚመሰገን መሆኑ ነው።

ይህን ጥበብ ለቡናችንም እናውለው እንጂ! ከእንግዲህ ቡና አይቀመስም፤ የሚቆጠረው የባለ ቡናዋን ስም ስንት ሌላ ባለ ቡና እንደጠራ ነው። እሷም ብልህ ናትና ከመንገድ ማዶ ካለችው ጋር «ጥሪኝ፣ ልጥራሽ» ብላ ትዋዋላለች። ከአንዷ ጀበና ሦስት ጽሑፍ ይወጣል፤ አቦል ለብቻ፣ ቶና ለብቻ፣ በረካ ለብቻ። ቶናዋ አቦሏን ትጠቅሳለች፤ በረካዋ ሁለቱንም። ቆሎ አቅራቢው ሁለተኛ ደራሲ፣ ከሰል ሻጩ ሦስተኛ ይሆናሉ። የበርጩማዎቹ ባለቤት ደግሞ ከመጨረሻ ይጻፋል፤ መጨረሻው የአለቃ ቦታ ነውና። እሱ ቡና በአፉ ዞሮ አያውቅም። በሁለተኛው ወር ማፍላቱ ይቀራል፤ ጊዜው ከየት ይምጣ? ደንበኛ ይመጣል። «ቡና አለ?» «ቡናስ የለም፤ ቁጥሬ ግን 14 ገብቷል።» ተደንቆ፣ ከፍሎ ይሄዳል።

ድመቶችም አልቀሩም። በ2024 ሁለት ተመራማሪዎች የጥቅስ ገበያውን ገመና ለማሳየት ላሪ ለተባለ ድመት 12 የሐሰት ጽሑፍ አወጡለት፤ 132 ጥቅስ፣ ኤች ኢንዴክስ 11። የወዳጄ ቁጥር ከላሪ ያንስ ነበር።

ቀልዱ እዚህ ይብቃኝ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው በሚኖርበት ገጠር ቤት ለቤት ዞረው፣ የሚጥል በሽታ ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ ላይ እንዳለ አረጋገጡ። ጓያ የገበሬውን እግር እንዴት እንደሚያሽመደምድም አጥንተዋል። ጓያ ያሽመደመደው የደምቢያ ገበሬ ጆርናል ላይ ስለማይጽፍ ማንንም አይጠቅስም። የድሃ በሽታ የሚያጠናው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ሲያጠናው ጥቂት ይጠቀሳል። ይህ የጥቅስ ሚዛን ውሸታም ነው፤ የሚመዝነው የተመራማሪውን እውቀት ሳይሆን የጎረቤቱን ብዛት ነው።

አንድ ማታ ሰውዬአችን ስልኩን አንስቶ «ዛሬስ ሦስት ሰው ጠቀሰኝ!» ብሎ ጮኸ። ባለ ቡናዋ ማራገቢያዋን አቆመች።

«ሦስት ሰው ጠቀሰዎት? እዚሁ አርካዊት?»

ዓይን መጥቀስ መስሏት ነው። ሳቃችንን ጨርሰን ስናስረዳት ጥቂት አሰበችና ወደ ከሰሏ ዞረች።

«እኔንማ ቀኑን ሙሉ ሲጠቅሱኝ ነው የሚውሉት፣ ዶክተር። ሒሳብ የሚከፍለኝ ግን ያልጠቀሰኝ ነው።»